የባሺ ካቶንጎ የታንከር ውሃ የት ገባ?

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በቺሊላቦምብዌ ከተማ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ውስጥ፣ ባሺ ካቶንጎ ትልልቅ ጓጉንቸሮችን አንድ በአንድ እያነሡ በእጃቸው ይመዝኑ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ሲጠብቁ ኖረው በጡረታ የወጡ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰፈሩ በልጃቸው ስም "የካቶንጎ አባት" ብሎ ይጠራቸዋል፤ ባሺ ካቶንጎ ማለትም ይኸው ነው።

"ታታ፣ እንደምን አደሩ?" ብሎ እንደ አባት የሚጠራቸው ድምፅ ከጎናቸው ሰሙ።

ዞር ሲሉ ቾምባ ናት፤ በአጥር የሚዋሰኗቸው የባና ቾምባ ልጅ፤ ባና ማለት እናት ነው። በሙያ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት የቤት ውስጥ ማሽን ጥገና ተምራ ከተመለሰች ገና አራት ወሯ ነው። ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ መዳፎቿን አጋጥማ በደንቡ እጅ ነሣች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር መልስ አልሰጡም።

"ጓጉንቸሩ ለምንዎት ነው፣ ታታ?"

"ለታንከሬ።"

"ታንከር ይቆለፋል እንዴ?"

"ጎረቤት ሲከፋ ይቆለፋል።"

ነገሩ እንደገባት ከፊቷ አነበቡ። ከሦስት ሳምንት በፊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው እናቷን፣ "ውሃዬን ወደ ቤትሽ መንገዱን ማን አሳየው?" ብለዋት ነበር። ሃያ ዓመት በሰርጉም በለቅሶውም አብረው የቆሙ ሁለት ቤቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተኳረፉ።

"ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች ቾምባ ረጋ ብላ። "ታንከሩ የሚጎድለው በየትኛው ቀን ነው?"

"ረቡዕና ቅዳሜ። እናትሽ ከቤት የማትወጣባቸው ቀኖች ናቸው። አጣርቻለሁ።"

"ባና ካቶንጎስ ልብስ የሚያጥቡት መቼ ነው?"

ባሺ ካቶንጎ የያዙትን ጓጉንቸር በእጃቸው አገላበጡ። ባለቤታቸው የሚያጥቡት ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ግን ልጃቸው የላከላቸው የልብስ ማጠቢያ ማሽን አምስት ዓመት ሲያጥብ አንድም ቀን ታንከር ጨርሶ አያውቅም።

"ማሽኑ አሁንም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው?"

"ወደ ኋላ በረንዳ አውጥቼዋለሁ። ባለቤቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ያቺ ጠባብ ክፍል አላመቸቻትም።"

"ውሃው መጉደል የጀመረው ማሽኑ ከመውጣቱ በፊት ነው ከወጣ በኋላ?"

"ልጄ፣ አንቺ ጎረቤት ነሽ ወይስ መርማሪ?"

ባለሱቁ አቀርቅሮ ሳቀ። ቾምባ ግን አልሳቀችም። "የቆሻሻ ውሃ ማስወጫው ጎማ ከበረንዳው እስከ ውጭ ቦይ ይደርሳል?" አለች።

"አስረዝሜዋለሁ።"

"በምን?"

"በአትክልት ማጠጫ ጎማ። በገዛ እጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት ሆድ ውሃ ሳወጣ የኖርኩ ሰው የአንድ ማጠቢያ ጎማ አያቅተኝም።"

"እንደማያቅትዎት አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ጊዜ ልየው?"

ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት የመጣ አልነበረም። ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ጠጋኝ ነኝ ባይ ማቀዝቀዣቸውን "ለአንድ ቀን" ብሎ ወስዶ፣ ሞተሩን በአሮጌ ለውጦ መልሶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሁሉ አይታመናቸውም። ጥርጣሬ በተታለለ ሰው ልብ ውስጥ አንዴ ከገባ በኋላ ግን መርጦ አይነክስም፤ አታላዩንም ወዳጁንም በአንድ ዓይን ያሳያል።

"ገባኝ" አሉ። "እናት ውሃዬን፣ ልጅ ማሽኔን።"

ቾምባ ንግግሩን ዋጠችው። "እንግዲያው እንዲህ እናድርግ" አለች። "ቅዳሜ እናቴም እኔም መጥተን እዚያው በረንዳዎ ላይ ዓይንዎ ሥር እንቀመጥ። ያለ እርስዎ ፈቃድ አንዲት ብሎን አልነካም። ዕቃ ካስፈለገ ራስዎ ከወደዱት ሱቅ ይግዙ። እኛ እፊትዎ ተቀምጠን ውሃው ከጎደለ ግን ሌባው ሌላ ነው ማለት ነው።"

እምቢ ማለት እውነቱን መፍራት መስሎ ታያቸው። "ኑ" አሉ። ጓጉንቸሩን ግን ገዝተው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ባና ቾምባ የራሷን በርጩማ ይዛ መጣች። ከዚህ ቤት በርጩማ አልቀመጥም ማለቷ እንደሆነ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ጀርባዋን ለባሺ ካቶንጎ ሰጥታ ተቀመጠች። ባና ካቶንጎ ያቀረቡላትን ሙንኮዮ የሚባል የበቆሎ መጠጥ ተቀብላ ጠጣች፤ ወደ ሰውየው ግን አልዞረችም። እሳቸውም ታንከሩን በእንጨት ለክተው፣ ምልክት አድርገው፣ ክዳኑን ቆልፈው መጡ።

ቾምባ የበረንዳው መግቢያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወለሉ እርጥብ ነው። የማሽኑ ጎማ ጫፍ ውስጥ የአትክልት ጎማው ተሰክቷል፤ ሁለቱ በብስክሌት ጎማ ቁራጭና በሽቦ ተጠፍረዋል፤ ከመጋጠሚያው ሥር ውሃ ተቋጥሯል። የኤሌክትሪክ ማራዘሚያውም እዚያው እርጥቡ ላይ ተጋድሟል።

"ታታ፣ መጀመሪያ የቤቱን ዋና ማብሪያ ያጥፉልኝ።"

"ለምን?"

"ማራዘሚያው ውሃ ላይ ነው። ሳይጠፋ እግሬን አላስገባም።"

"ቤቴን አጨልመሽ ምን ልታደርጊ?"

"ገና ጠዋት ነው፣ ታታ። ምን ይጨልማል?"

ባና ካቶንጎ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው፣ "ያጥፉላት እንጂ" አሉ። "ባለፈው ሳምንት የማሽኑን ክዳን ስነካ ክንዴን ነዘረኝ ብዬዎት፣ ሪህ ነው አሉኝ።"

ባሺ ካቶንጎ ወደ ሚስታቸው አዩ። በጉድጓዱ ውስጥ እርጥብ የኤሌክትሪክ ገመድ ነክቶ ወድቆ የቀረ የሥራ ጓደኛ ነበራቸው፤ ስሙን ለዓመታት አላነሡትም። ያ ሰው ትዝ አላቸው። ገብተው ዋናውን ማብሪያ አጠፉ፤ እጃቸውን አድርቀው የማሽኑንም ሶኬት ነቀሉ። ቾምባ ያኔ ገብታ ማራዘሚያውን አነሣችና ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"ይህ መንዘር የእኔ ሙያ አይደለም" አለች። "ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ንዝረቱን ወደ መሬት የሚወስደውን የመሬት ሽቦ እስኪያይልዎት ድረስ ማሽኑ መብራት ላይ እንዳይሰካ። ግድግዳው ላይ ከፍ ያለ ሶኬት ያስገቡ፤ ማራዘሚያ ውሃ ባለበት ቦታ አይሆንም።"

"ይሁን። ሌባውስ?"

"አሁን እናያለን። ማሽኑ ተነቅሏል፤ ውስጡ ያለው ፓምፕ ይሠራል?"

"በምን ይሠራል?"

"እንግዲያው ሁለት ባልዲ ውሃ ከላይ ያፍስሱበት።"

ባሺ ካቶንጎ ወጥመድ ፈልገው የልጅቱን እጆች አዩ። ባዶ ነበሩ። ውሃውን ራሳቸው ቀድተው፣ ክዳኑን ከፍተው አፈሰሱ።

"አሁን ቦዩን ይመልከቱ" አለች።

ወጥተው ቦዩ አፍ ላይ ቆሙ። ከአትክልት ጎማው ጫፍ ንጹሕ ውሃ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ዘረጉበት። ማንም አልገፋውም፤ ማንም አልሳበውም። ረዘም ላለ ጊዜ እንደዚያው ጎንበስ ብለው ቆዩ። ሲመለሱ ማሽኑ ውስጥ የቀረው ውሃ የባልዲ ሩብ አይሞላም።

"ታታ" አለች ቾምባ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ጉድጓድ ውስጥ ፓምፕ ሲቆም ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ምን ይሆናል?"

"ካልተዘጋበት ተመልሶ ይወርዳል።"

"በምን ትዘጉበት ነበር?"

"ወደ ኋላ የማያሳልፍ ክዳን አለ።" ትንሽ አሰቡ። "ይህ ማሽን ግን እንዲህ ያለ ክዳን የለውም።"

"የሱ ክዳን ከፍታ ነው። መታጠቢያ ቤት ሳለ ጎማው በእምብርት ልክ ተሰቅሎ ነበር። ፓምፑ ካልገፋው ውሃው ያን ዳገት አይወጣም። እርስዎ ወለል ላይ ሲያጋድሙት በሩን ከፈቱለት። ማሽኑ ይቀዳል፣ ውሃው ይወጣል፤ ገና አልሞላሁም ብሎ እንደገና ይቀዳል።"

"ልብሱ ግን ይታጠባል እኮ። ሳይሞላ እንዴት ያጥባል?"

"ባና ካቶንጎ ይንገሩን። ማጠቡ ስንት ጊዜ ይፈጃል?"

"ዱሮ ከቁርስ በፊት ይጨርስ ነበር" አሉ ሴትዮዋ። "አሁን የምሳውን የንሺማ ገንፎ ሳማስል እንኳ አላቆመም።"

"የአትክልቱ ጎማ ጠባብ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ ከብዙ ድካም በኋላ ይሞላል። ማስወጣት ሲጀምር ደግሞ በዚያው ጠባብ ጎማ ግፋ ይባላል፤ መጋጠሚያው የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። በሰፊ ቧንቧ የሚወጣን ውሃ በግማሹ ስፋት አውጣ ብትሉት የጉድጓዱ ፓምፕ ምን ይሆን ነበር?"

"ይቃጠል ነበር" አሉ ባሺ ካቶንጎ። ይህን ሲናገሩ የራሳቸውን ድምፅ ሰሙት፤ በሥራ ዘመናቸው ለስንቱ ጀማሪ ያስተማሩት ነገር ነው። ማንም ሌላ ሰው ቢነግራቸው ይከራከሩ ነበር። አሁን የመሰከረባቸው ግን የገዛ ዕውቀታቸው ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን የሠራበትን ሙያ እንኳ፣ ነገሩ ከለመደው ቦታ ሲወጣና ልቡም በቂም ሲያዝ፣ ሊዘነጋው ይችላል።

ባርኔጣቸውን አወለቁ። በበርጩማዋ ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረው ሄዱ፤ እንደ አገሩ የይቅርታ ደንብ ቁጢጥ ብለው መዳፎቻቸውን በቀስታ አጨበጨቡ።

"ባና ቾምባ፣ ሌባው እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ወዲያው አልዞረችም። "ያን ቃል የተናገሩኝ እዚህ በረንዳ ላይ አልነበረም" አለች። "በአጥር ላይ ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል። ከዚያ ወዲህ የውሃ ወረፋ ላይ ስቆም ሴቶቹ ባልዲያቸውን ከእኔ ያርቃሉ።"

ባሺ ካቶንጎ ይህን አያውቁም ነበር። ተነሡ። ግቢውን አቋርጠው፣ ያን ቀን የቆሙበት ድንጋይ ላይ ወጡና በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። መንገዱ ላይ ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶችና ብስክሌት የሚገፋ ሰው ነበሩ።

"ስሙኝ" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ባና ቾምባን ውሃ ወሰደች ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው። ውሃውን ያፈሰሰው እኔ ራሴ የቀጠልኩት ጎማ ነው። የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩ።"

ከድንጋዩ ወርደው ወደ በረንዳው ተመለሱ። ባና ቾምባ በርጩማዋን አዙራ ወደ እሳቸው ተቀምጣ አገኟት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ፤ ባሺ ካቶንጎም አሁን ብሎን ለመቁጠር ሳይሆን ለማገዝ አጠገቧ ተንበረከኩ። ቾምባ ከማሽኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አስወጥታ፣ ጎማው ከዚህ በላይ አይርዘም የሚለውን ገጽ አነበበችላቸው። የረዘመ ጎማም ፓምፑን ስለሚያደክም፣ ማሽኑን ራሱን ወደ ውጭው ግድግዳ አስጠጉት፤ የሚያስፈልገው ቅጥያም አጠረ። ጎማው ውስጥ የቀረውን ውሃ በሳፋ ተቀበሉ። የአትክልቱን ጎማ ጣሉት። ባሺ ካቶንጎ ሱቅ ሄደው ከቀድሞው ጋር እኩል ስፋት ያለው የማስወጫ ጎማ፣ ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ የፕላስቲክ መጋጠሚያና በብሎን የሚጠብቁ ሁለት የብረት ቀለበቶች ይዘው መጡ።

"በጣም አጥብቄ ልሰረው?" አሉ ካቻቢቴውን ይዘው።

"እስኪይዝ ድረስ ብቻ። ከዚያ ካለፈ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። መጋጠሚያውም ዓይን በሚያየው ቦታ ይሁን፤ የተደበቀ መጋጠሚያ ሲያፈስ የሚታወቀው ግድግዳው ከበሰበሰ በኋላ ነው።"

እስከ እምብርት ከፍታ የቆመና ታቹ ወደ ውጭው ቦይ የሚያፈስ ወፈር ያለ ቧንቧ ግድግዳው ላይ አሰሩ። የጎማውን ጫፍ ከላይ አንጠለጠሉበትና እንዳይዘል በማሰሪያ ያዙት። ባሺ ካቶንጎ በጎማውና በቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት በጨርቅ ሊወትፉት ሲሉ ቾምባ እጃቸውን ያዘቻቸው። "አየር ይግባበት። ከተደፈነ ቆሻሻው ውሃ ተመልሶ ሊሳብ ይችላል።"

"አየር" አሉና ጨርቁን ጣሉ። "ይህንንም አውቀው ነበር።"

በሚቀጥለው ሳምንት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ ተበጥሶ የቆየውን የመሬት ሽቦ አደሰ፤ ሶኬቱንም ከፍ አድርጎ ግድግዳው ላይ ተከለ። ያኔ ብቻ ማሽኑን አስነሡት። ቾምባ ከመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ጋዜጣ አነጠፈች፤ እጥበቱ አልቆ ሲያነሡት ደረቅ ነበር። ባሺ ካቶንጎ ታንከሩን በእንጨት ለኩ፤ እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት ከነበረው የወረደው አንድ ጣት ያህል ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ባና ካቶንጎ ቁርስ ሳይበላ እጥበታቸውን ጨርሰው የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን የደንብ ልብስ ለማጠብም ጊዜ አገኙ። በረንዳው ደረቀ፤ ሴትዮዋም ክዳኑን ያለ ፍርሃት ከፈቱ። ታንከሩ ከሳምንት ሳምንት ይደርሳል፤ ከተማው ውሃ ባጣበት አንድ ሳምንት እንዲያውም ባሺ ካቶንጎ ለባና ቾምባ ቤት አራት ጀሪካን ራሳቸው ተሸክመው አደረሱ። በውሃ ወረፋውም ሴቶቹ ባልዲያቸውን ከእሷ አጠገብ ያስቀምጣሉ።

አንድ ቀን ጡረተኞቹ በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው፣ የእሱም ማሽን ወለሉን እያረጠበ እንዳስቸገረው አነሣ። "ላስቲክ ጠቅልዬ ላስረው ነው" አለ።

"አትሰረው" አሉ ባሺ ካቶንጎ። "ሶኬቱን ንቀል፣ ልብሱን በእጅ እጠቡ፣ ቾምባን ጥራት።"

"የትኛዋን ቾምባ? ያቺን ገና ከትምህርት ቤት የመጣችውን? አንተ እኮ ጠጋኝ አታምንም ነበር።"

"አላምንም ነበር" አሉና ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። "ና፣ አብሬህ እሄዳለሁ። እሷ ጋ ስትደርስ ብዙ አታውራ፤ የምትጠይቅህን መልስላት።"