ያልተዘጋው ኮምፒውተር

«አይዘጋም አልኩ! ስንቴ ልናገር?» አሉ ፎቶ አንሺው፣ ማጥፊያውን በመዳፋቸው ጋርደው።

«ይዘጋና መልሶ ይከፈታል እኮ ነው ያልኩት፣ ጋሼ» አለች የወንድማቸው ልጅ።

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ኮምፒውተሩ ተዘግቶ አያውቅም። ፎቶ በኮምፒውተሩ የሚያስተካክሉት ሟቿ ነበሩ። ሆስፒታል የገቡ ዕለት ፎቶዋን ማስተካከል የጀመሩላት ሙሽራ ግማሽ ፊቷ ጠርቶ፣ ግማሹ ሳይነካ ስክሪኑ ላይ እንዳለች ናት። አዲሱ ማተሚያ ግን ከኮምፒውተሩ አሮጌ ሲስተም ጋር አልሠራም ብሏል፤ ደንበኛ ባዶ እጁን መመለስ ጀምሯል። ልጅቷ ደግሞ ለሥራ ሩቅ ከተማ መሄጃዋ ዛሬ ነው፤ ሻንጣዋ በሩ ሥር ቆሟል።

«አዲስ እጭናለሁ ብለሽ የእሷን ጠራርገሽ ልትጥዪው!»

«ማን ይጥለዋል? ዲስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የእትዬ ባለበት ይቀመጣል፤ አዲሱ በሌላው በኩል ይገባል። ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቅዎታል።»

«አንድ ቤት ሁለት እመቤት! ማን ሊያስታርቅ ነው?»

«አይጣሉም። አንዷ ስትነቃ ሌላዋ ተኝታለች።»

ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ተኝታለች አትበይኝ።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለ ማሽኑ ሲያስረዳ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ይረሳል። ልጅቷ ደነገጠች። ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። ግን መብራት ቢጠፋስ? ባትሪው አርጅቷል። የሙሽራዋ ፎቶ ደግሞ ሴቭ አልተደረገም። የጠበቁት መስሎዎት ነው እንጂ በክር ተንጠልጥሎ ነው የከረመው።»

 ፎቶ አንሺው እጃቸውን ከማጥፊያው ላይ ቀስ ብለው አነሱ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እሱን አስቀምጪልኝ።»

አስቀመጠችው። የእትዬን ሥራ ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠች፤ ከዚያም መከፈቱን አሳየቻቸው። ስክሪኑ ሲጨልም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሥራው ሲያልቅ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ብቅ አለ፤ ከላይ አዲሱ፣ ከታች የድሮው። «ካልመረጡ አዲሱ በራሱ ይከፈታል» አለቻቸው። የታችኛውን መረጡ። ሙሽራዋ ከነግማሽ ፊቷ መጣች። ብዙ አዩዋትና ኮምፒውተሩን በገዛ እጃቸው ዘጉት፤ መልሰውም አበሩት።

መስመሮቹ ዳግም ሲወጡ አንዲት ደንበኛ ገባች። የመምረጫው ሰዓት ወደ ታች ይቆጥራል። ፎቶ አንሺው ጣታቸውን ከቁልፉ በላይ አንስተው ሳይጫኑ ያዙት፤ ቁጥሩ አለቀ፤ አዲሱ ተከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ማተሚያው አቃሰተና የመጀመሪያውን ፎቶ ተፋ።

«አየሽ እህቴ፣ ባንድ ኮምፒውተር ሁለት ሲስተም!» አሉ ለደንበኛዋ። «የድሮው እንዳለ አለ፣ ይሄኛው ያትማል። አሮጌውን ለመጠበቅ ብዬ ለካ በከንቱ ነው ሥራ ያቆምኩት። አንቺም የቤትሽን ፎቶዎች ሌላ ቦታ ገልብጪ፣ ዛሬ ነገ አትበይ፤ ባትሪ አይታመንም…»

ደንበኛዋ አጎንብሳ ትሰማለች። ልጅቷ ሻንጣዋን አንስታ ወጣችና በሩን ድምፅ ሳታሰማ ገጠመችው።