ትንሽ የተባለው ኩላሊት

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደና ሦስታችንን አንድ የመድኃኒት ቤት በረንዳ ሥር ሰበሰበን፤ እኔን፣ በአልትራሳውንድ ሙያ የተመረቀችውን የእህቴን ልጅና ጡረታ የወጡትን ጎረቤቴን፣ የሲኒማ ቤቱን ፊልም አጫዋች። ጭጋጉ መንገዱን ስለዋጠው መኪኖቹ ድምፅ ብቻ ሆነው ያልፉ ነበር።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳቻቸው። "ጋሼ፣ እንኳን አገኘሁዎት። የጤነኛ ሰዎችን ኩላሊት እየለካን ነው። አንድ ቀን ብቅ ቢሉልን?"

የሽማግሌው ፊት ተለዋወጠ። "ልጄ፣ ያላመመውን ሰው ምን ብላችሁ ትነካካላችሁ? ባለቤቴን ወገቧን ቆረጠማት ብዬ ሐኪም ቤት ብወስዳት፣ በዚያ መሣሪያችሁ አይተው 'ኩላሊትሽ ትንሽ ነው' ብለው ሰደዷት። ወገቧ በሳምንቱ ተሻላት፤ ቃሉ ግን አልለቀቃትም። ሳቅ የለ፣ ጨዋታ የለ። እኔና ያ መሣሪያ ተኳርፈናል።"

ልቤ ወደ እሳቸው አደላ። ፍርሃት የገባበት ቤት አውቃለሁ፤ ሰዎቹ በገዛ ጓዳቸው እንደ እንግዳ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትንሽ የተባለው ከማን አንሶ ነው?" አለች።

"እኔ ምን አውቄ!"

"እኛም እኮ በደንብ አናውቅም። የምናመሳክርበት መለኪያ የተወሰደው ከሌላ አገር ሰዎች ነው፣ ከረጃጅሞቹ። እትዬ ደግሞ ቁመታቸው..."

"ትከሻዬ አትደርስም" አሉ፣ ሳያውቁት ፈገግ ብለው።

"ይኸው! ያጭር ሰው ኩላሊት ከረጅሙ ቢያንስ አይገርምም። ዕድሜም ይቀንሰዋል። የጤነኛውን ልክ ሳናውቅ የታመመውን በምን እንለየዋለን?"

"ብትለኪኝና ጉድ ቢወጣስ?"

"ጉድ ካለ ሳይለካም አለ፣ ጋሼ። በጊዜ ከታወቀ ግን መላ ይገኝለታል። እትዬንም ይዘዋቸው ይምጡ። ልኬት ብቻውን አይፈርድም፤ ደማቸውና ሽንታቸውም ይታይ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ከበረንዳው አውጥተው ዝናቡ ማባራቱን ሞከሩ። "እሷን እሺ ካሰኘሁ እመጣለሁ" አሉ በመጨረሻ።

ባልና ሚስቱ መጡ፤ እኔም አብሬያቸው ገባሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ ነበር። ለምርመራው የሚቀባው ቀዝቃዛ ጄል ጎናቸውን ሲነካ ሽማግሌው እንደ ሕፃን ተሸማቀቁ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ፣ ደመና ከመሰለው ግራጫ ነገር ውስጥ፣ ባቄላ የመሰለ ጥላ ብቅ አለ። ሲተነፍሱ ዝቅ፣ ከፍ ይላል። ቀጥለው ባለቤታቸው ተኙ፤ የእሳቸውም ጥላ አነስ ብሎ፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ ከትንፋሻቸው ጋር ተንሳፈፈ።

የምርመራው ውጤት ሁሉ ሲደርስ ዶክተሩ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ለሴትዮዋ ነገሯቸው። "ደምዎም ሽንትዎም ንጹሕ ነው። ኩላሊትዎን እዚሁ ከለካናቸው፣ በቁመት ከሚቀራረቡዎት ጤነኛ ሴቶች ጋር አስተያየነው፤ ለእርስዎ ልክ ነው። የባለቤትዎም ደህና ነው።"

"እና በከንቱ ነው ስሳቀቅ የከረምሁት?" አሉ ሴትዮዋ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞሩ። "የፊልም ቤት ጓደኞቼን ሰብስቤ አመጣልሻለሁ። አጭሩንም ረጅሙንም። ሌላዋ ሴት እንዲህ እንዳትሰጋ።"

እኔ ይህን ልጨምር፦ ጤነኛው ሲለካ ልኩ ይታወቃል፤ ልኩ ሲታወቅ ጤነኛው በከንቱ አይደነግጥም፣ የታመመውም ሳይታይ አያልፍም።

ይህንኑ ለሴትዮዋ ልነግራቸው ዘወር ስል፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የባላቸውን ትከሻ ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው "ተዋት" የሚል ምልክት ሰጡኝ።