ጋሼን ውል ማስፈረም

ወደ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣት ሴቶች ያወራሉ።

«የግብር መለያ ቁጥሩም ንግድ ፈቃዱም ወጣ፤ የቀረኝ ጋሼን ውል ማስፈረም ነበር።»

«የአባትሽን ጓደኛ?»

«ለሱቃቸው ሎጎ ልሠራላቸው ነዋ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ ናቸው፤ ‹ልጄ አላመነችኝም› ብለው ይቀየሙኛል ብዬ ሞቼ ነበር።»

«እና ሰጠሻቸው?»

«ይቅርታ እየጠየቅኩ! አንብበው ሲጨርሱ በረጅሙ ተነፈሱ።»

«ወይኔ ጉዴ! ተቀየሙ?»

«ኧረ! ‹ይሄንኑ ሎጎ ለጎረቤቴም እንዳትሠሪው ውል እንጻፍ ልልሽ ፈልጌ፣ አፍሬ ነው የከረምኩት› አሉኝ።»

«አንቺ! ምስክሩስ ማን ሆነ?»

«ራሱ ጎረቤታቸው!»

ጊዮርጊስ ስንደርስ፣ ሁልጊዜ አፍሬ በሹክሹክታ የምለውን «ወራጅ አለ» ጮክ ብዬ አልኩት።