ያልተለካው መተላለፊያ

ልብስ ሰፊው ቢያረጅም እጁ ሥራ መፍታት አልወደደም። የስፌት መኪናውንና ትልቁን የመቁረጫ ጠረጴዛ አራተኛው ፎቅ መተላለፊያ ላይ ዘርግቶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ውስጥ የተኛችውን ሕመምተኛ ሚስቱን በአንድ ጆሮው እየጠበቀ ይሰፋል። እሷ የመኪናውን ድምፅ ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

አንድ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ እዚያው ሕንፃ ከምትኖር ነርስ ጋር ደጁ ላይ ተገጣጠመ። የሕንፃው የቤት ባለቤቶች ማኅበር የቦርድ አባል ናት፤ «ጠረጴዛው ይነሣ» የሚለው ደብዳቤ ላይ የፈረመችውም እሷ ነበረች። ሰላምታዋን በግማሽ ልብ ተቀበለ።

«ልጄ፣ ቤቴን በላቤ ነው የገዛሁት። በገዛ ደጄ ላይ ይህን ቦርድ ማን ሾመብኝ?»

«እርስዎ ራስዎ፣ አባባ። በስብሰባው ዕለት እጅዎን አውጥተዋል።»

«እኔ ያወጣሁት ጣሪያው እንዲጠገን ነው።»

«ጣሪያው ሲያፈስ የኖረው ሁላችንም የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን ስለተውነው ነው። ከበራችን ወደ ውስጥ ያለውን እያንዳንዳችን እንጠብቃለን፤ ጣሪያውን፣ ደረጃውን፣ መተላለፊያውን ግን የሚጠብቅልን ሰው መረጥን። ቦርድ ማለት ይኸው ነው። ሲያጠፋም እንሽረዋለን።»

«ሰው እንደሆነ ያልፋል። አንቺስ አላለፍሽም?»

«ቆሞ የሚሄድ ሰውማ ያልፋል» አለች። የቀረውን መናገር ከብዷት ነበር። «እስቲ ሜትርዎን ያውጡ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከአንገቱ ሜትሩን አወረደ። በጠረጴዛውና በግድግዳው መካከል ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር ሆነ።

«የሕመምተኛ ቃሬዛስ?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ስድሳ ነው። እጇን ይዞ ከጎኗ የሚሄድ ሰውም አለ።»

ዕድሜውን ሙሉ ሳይለካ ጨርቅ ቆርጦ የማያውቅ ሰው፣ ሚስቱ የምትወጣበትን መንገድ ለክቶት አያውቅም ነበር። እጅግ አፈረ።

«ታዲያ ደብዳቤው ላይ ይህን ለምን አልጻፋችሁም?»

«የእኛ ጥፋት ነው። ትእዛዙን ጻፍን፣ ምክንያቱን ዋጥነው። መኪናው ሳሎን ይግባ፤ ድምፁን እንደ ልማዷ ትሰማለች። ለጠረጴዛው ምድር ቤት ያለውን ባዶ ክፍል ቦርዱ ፈቅዷል።»

የዚያኑ ዕለት ጎረቤቶች ተጋግዘው ጠረጴዛውን አወረዱት። በሦስተኛው ሳምንት፣ ቁርስ ላይ፣ ሚስቱ ትንፋሽ አጠራት። ቃሬዛው ግድግዳ ሳይነካ ወጣ። የሆስፒታሉ ሐኪም «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። በዘጠነኛው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በቀጣዩ ስብሰባ ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁም ሣጥን ያቆመ ጎረቤት ተነሣና፣ «በደጄ ላይ ማን ሾማችሁብኝ?» አለ።

ልብስ ሰፊው ቀስ ብሎ ቆመ። «ወንድሜ፣ እኔም እንዳንተ ብዬ ነበር። ሚስቴ ዛሬ ቤቷ ያለችው እነዚህ ሰዎች መንገዷን ስለጠበቁላት ነው። እኔም እጇን ይዤ ከጎኗ ሄድኩ።»

ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ሰጠው።