የማትታወቀው ዘፋኝ ስታስነጥስ
እሁድ ከሰዓት ነው፣ ጆሃንስበርግ ይዘንባል። ትሮይቪል ሰፈር ባለችው ቤቴ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ የሁለት ስዊድናውያን ዘፋኞችን ሙዚቃ ከፍቻለሁ። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ እንደ እኔ ያሉ ጥቂት ወዳጆቻቸው ናቸው እየተቀባበሉ የሚሰሟቸው። የአገራቸውን የባላገር ዜማ ሕልም እያስመሰሉ ቤታቸው ውስጥ ስለሚቀዱት፣ ወንበሩ ሲጥ ሲል ሳይቀር ይሰማል። የሚዘንበው እኛ ጋ ይሁን እነሱ ጋ መለየት አቃተኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። አባቴ ካረፈ በኋላ እኔ ጋ አምጥቻት፣ «ዕድሜ ይስጥሽ» ያላትን ሁሉ «ለምኔ?» ስትል ከርማለች።

ዘፈኑ መሃል ሴትየዋ አስነጠሰች። «ይማርሽ!» አለች እናቴ። ስዊድናዊቷ ምንም ሳይመስላት ዘፈኗን ቀጠለች። «ምን ያለችው ናት? ‹ያኑርሽ› አትልም?» «እማ፣ የተቀዳ እኮ ነው! ማን እንደሆነች እንኳ አይታወቅም።» «ባትታወቅስ? አስነጥሳ የለም እንዴ!» ብላ ተቆጣችኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ በዘፋኟ ፈንታ «ያኑርሽ» አልኳት። እናቴ ወደ ዝናቡ ዞር አለች። አሁን «ለምኔ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቀስ ብላ «አሜን» አለች።