የእርቁ አንደኛ ምስክር

(ማለዳ፣ በአንዲት ትንሽ የጎጃም ከተማ፤ ወይዘሮ ይታይሽ ደጇ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ጎረቤቷ የአገር ሽማግሌው አቶ ቢተው፣ ልጇን ትርንጎን የጠለፈው ስማቸው የተባለው የእህታቸው ልጅ ጎህ ሲቀድ ተይዞ ስለታሰረ፣ በጥድፊያ መጥተው ፊቷ ቆመዋል።)

ቢተው፦ ተነሺ እንጂ ይታይሽ! ጣቢያ ድረስ ሄደሽ «ታርቀናል» ብትያቸው አሁኑኑ ይለቁታል!

ይታይሽ፦ መቼ ታረቅን?

ቢተው፦ እሑድ ነዋ! ዋርካው ሥር! አምስት ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ልጁ ድንጋይ ተሸክሞ እግርሽ ላይ ወድቆ…

ይታይሽ፦ መውደቁንስ ወድቋል። እኔ ግን «አድሬ ልመልስ» አልኩ እንጂ ይቅር አላልኩም። ደግሞ ይቀመጡ አያ ቢተው፤ ቆመው ሲቆጡ ጉልበትዎን ያምዎታል።

ቢተው፦ ጉልበቴን ተይው! «አድሬ ልመልስ» ያለ ሰው ቤቱ ያድራል እንጂ ጣቢያ ይሄዳል?

ይታይሽ፦ እኔማ ቤቴ ነው ያደርኩ። ነገሩ ነው ጣቢያ ያደረው።

ቢተው፦ አትቀልጂ! ክሱ እኮ ሞቶ ነበር። ምስክር የለም ተብሎ ልጁ ተለቆ ነበር።

ይታይሽ፦ ነበር። እሱ «ወዳኝ በእግሯ መጣች» አለ፣ ትርንጎዬ ከደበቃት ቤት አምልጣ መጥታ «ጠልፎኝ ነው» አለች። መርማሪው እኔን «የሰማ ሰው፣ ያየ ሰው አምጪ» ይለኛል። ወንዝ ዳር ማን ያያል? ዝንጀሮ። ዝንጀሮ ደግሞ አይምልም።

ቢተው፦ እና ሽማግሌ ጠራሽ።

ይታይሽ፦ ጠራኋ። በደንባችን ይቅርታ የሚለምን ሰው ያደረገውን አንድ ሳያስቀር በአፉ ይናገር የለ? «ያልፈረጠ እባጭ አይድንም» እያሉ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ቢተው፦ ደንቡማ ደንብ ነው…

ይታይሽ፦ ስማቸውም አፈረጠው። ወንዝ ዳር መንገዱ ላይ አድፍጦ እንደጠበቃት፣ ሁለቱ ጓደኞቹ እጇን እንደያዙለት፣ ስትጮህ በገዛ ነጠላዋ አፏን እንዳፈናት። ሲያጉተመትም ደግሞ «ጎላ አድርገህ ተናገር፣ እዚህ የተቀመጡት አለቃ ጆሯቸው ደክሟል» ያሉት እርስዎ! ደገመው። «አሁንም አልተሰማም» አሉት። ሦስተኛው ላይማ መንገደኛው ሁሉ አህያውን አቁሞ ሰማ።

ቢተው፦ እግዚኦ! አንቺ ሴት! ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲሉ…

ይታይሽ፦ በወንድ እኮ ነው የጨረስኩት። አምስት ወንድ ደርድሬ።

ቢተው፦ በእርቅ ስም ወጥመድ! ይህን የሰማ ዕድርተኛ ምን እንደሚልሽ ታውቂያለሽ? ይለዩሻል! ስትሞቺ ቀባሪ ታጪያለሽ!

ይታይሽ፦ እኔ የሞትኩት ድሮ ነው። ያኔ ያልቀበረኝ ዕድር ዛሬ ቢለየኝ ምን ይጎድልብኛል?

ቢተው፦ እሺ ስሚኝ፣ በእርጋታ እንነጋገር። ልጅ ነው፣ አጥፍቷል። ያግባት። ይደገስ፣ ክብሯም ይመለስ፣ ነገሩም ይሙት።

ይታይሽ፦ እንደ እኔ?

ቢተው፦ አንቺማ ምን ሆንሽ? ተዳርሽ፣ ወለድሽ፣ ባለ ቤት ሆንሽ።

ይታይሽ፦ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ደብተሬን ጭቃው ላይ እንደጣልኩ ነው የተጎተትኩት። «ከእንግዲህ ማን ያገባታል፣ ለጠለፋት ስጣት» ብለው ለአባቴ የፈረዱለት ማን ነበሩ? ከዚያው ዋርካ ሥር ተቀምጠው?

ቢተው፦ ያኔ እኮ ሕጉም እንዲያ ነበር! የጠለፈ ካገባት አይከሰስም ይል ነበር። እኔ ከሕግ ልብለጥ?

ይታይሽ፦ አይብለጡ። ዛሬም አይብለጡት። ያ ሕግ ተሽሯል። ቢያገባትም ይቀጣል፣ ብንታረቅም ይቀጣል። ቀበሌ ሰብስበው ሲነግሩን እርስዎም ነበሩ።

ቢተው፦ እኔ አልሰማሁም።

ይታይሽ፦ እንዴት ይስሙ፣ ከፊቴ ተቀምጠው ያንኮራፉ ነበር። ዝንቡን እሽ እያልኩልዎት ነው ያዳመጥኩት።

ቢተው፦ ትርንጎስ? እሷስ ምን አለች? ይሄ ሁሉ ያንቺ ቂም እንዳይሆን።

ይታይሽ፦ ትርንጎ ትምህርት ቤት ናት። ትናንት ማታ «እማ፣ ዳኛው ሲጠይቀኝ አጠገቤ ትቆሚያለሽ?» ብላኛለች። ከዚህ ሌላ ምን እንድትል ፈለጉ?

ቢተው፦ ባልሽ እንደሆነ ነፍሱን ይማረው፣ ሞቷል። ታዲያ በማን ላይ ነው የምትበቀይው? በዚህ በልጅ ላይ?

ይታይሽ፦ ለእሱማ ሕጉ ይበቃዋል። እኔ የፈለግኩት እርስዎን ነው።

ቢተው፦ እኔን?

ይታይሽ፦ የዓቃቤ ሕጉ አንደኛ ምስክር እርስዎ ነዎት። ዛሬ መጥሪያ ይደርስዎታል።

ቢተው፦ በገዛ እህቴ ልጅ ላይ? እግሬን አላነሣም!

ይታይሽ፦ ፖሊስ ያነሣልዎታል።

ቢተው፦ ብሄድም አልሰማሁም እላለሁ! ጆሮዬ ከብዷል እላለሁ!

ይታይሽ፦ ጥሩ። አራቱ ሽማግሌዎች «ሰምተናል» ሊሉ ነው። እርስዎ ብቻ መጽሐፍ መትተው ሲዋሹ አገር ይይ። ከዚያ ድንበር የከፈሉለት፣ ከሚስቱ ያስታረቁት፣ በደም የተፈላለገው ሁሉ «መች ሰምቶኝ ፈረደብኝ?» እያለ ደጅዎን ይሙላው።

ቢተው፦ ቤቴን ልታፈርሺው ነው የተነሣሽ።

ይታይሽ፦ ኧረ አልነካውም። ጎረቤት አይደለን? እርስዎን የሚከስ አንቀጽ ግን ጠይቄ ነበር፤ አይዋሽም። «ያ ዘመን አልፏል» አሉኝ። የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ዳኛ ፊት ቆመው «ጠልፏታል፣ ጮኻለች፣ ወንጀል ነው» ሲሉ ቁጭ ብዬ መስማት። ለእኔ ያላወጡትን ቃል ለልጄ ሲያወጡት።

ቢተው፦ የወጋ ቢረሳ…

ይታይሽ፦ ይጨርሱት እንጂ። ተረት በግማሽ አይተውም።

ቢተው፦ …የተወጋ አይረሳ። ጨረስኩልሽ። እኔ እኮ ረስቼው ነበር ይታይሽ፤ እውነቴን ነው።

ይታይሽ፦ አውቃለሁ። ባይረሱት በየጠዋቱ «እንዴት አደርሽ» ይሉኝ ነበር?

ቢተው፦ ችሎቱ መቼ ነው?

ይታይሽ፦ ሐሙስ፣ ጠዋት።

ቢተው፦ ሐሙስ… እሺ። የሰማሁትን እናገራለሁ፤ ስሜን ይዤ ልሙት። ግን እህቴስ? ቤቴ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች ነው። አንድያ ልጇ ነው። አሁን ስመለስ ምን እላታለሁ?

ይታይሽ፦ ያኔ እናቴ እግርዎ ሥር ተደፍታ ስታለቅስ ያሏትን ይበሏት፦ «አይዞሽ፣ ይለመዳል።»