የተወለወለው ካንዴላ

ነይ ሲስተር፣ ግቢ። ያንን በርጩማ ሳቢው፤ ቅድም ጠርጌዋለሁ፣ ቀሚስሽን ዘይት አያስነካም። ጤና ጣቢያው እንዴት ነው? ትናንት መንታ አዋለድሽ አሉኝ፣ እሰይ። በእግርሽ ሄደሽ? አይ፣ እግር ደጉ… ማንም አይነካካውም።

ሞተር ሳይክልሽን ከፍቼ አየኋት። ዳገቱ ላይ ቀጥ ያለችው ወዳ አይደለም፤ ፒስተኗ ቀልጦ ተጣብቋል። የነካካትን ሰው ግን እንዳትቀየሚው። እንዲያውም አዝኖላት ነው። «ትንሽ ትተንፍስ» ብሎ የአየር ማጣሪያዋን ነቅሎ ጣለላት፤ ቤንዚኑን በአየሩ ልክ መጨመር ብቻ ነው የረሳው። አየር እየጠገበች፣ ቤንዚን እየተራበች፣ በሙቀት ነደደች። የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን ቀዶ ድምጿን እንዴት እንዳሳመረው ግን… ያቺ ያን ቀን ልታዋልጃት የወጣሽላት ሴትዮ እንኳ ከቤቷ ሆና ሰምታዋለች አሉ። አንቺ አልደረስሽም እንጂ ድምፁ ደርሷል። ጎረቤት ባይኖራት ምን ይውጣት ነበር?

ፋብሪካው ይህችን ሞተር ለመሥራት ስንት ዓመት ለፋ? እሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ አረማት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ይባላል… አንቺ መቼም አዋላጅ ነሽ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ገጥማሽ ታውቃለች? እኔ እንኳ ወንዱ ገጥሞኛል። ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ።

ንጽሕናውስ ቢሆን። ከቆመችብሽ በኋላ መጀመሪያ እሱ ጋ አይደል የወሰድሻት? ሌላው መካኒክ ካንዴላውን፣ ያንን ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰውን፣ እንዳለ ይተወዋል። ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ደኅና ነው፣ ከነጣ በሙቀት ተቃጥሏል፤ የሞተር ምስክር ማለት እሱ ነው። ያንቺን ሳወጣው በሽቦ ብሩሽ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ፒስተኑ ቀልጦ ካንዴላው እንደ አዲስ… ለጽዳት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው የት ይገኛል?

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ልማዴ ነው። ከቆርቆሮው ወዲያ፣ እሱ ጋራዥ፣ መዶሻውም ዝም አለ… ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ።

አሳቢነቱን ደግሞ ልንገርሽ። የነካካት ሰው ራሱ ዛሬ ጠዋት ብቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የሲስተርን ሞተር ቶሎ አድርስላት፤ ማጣሪያዋንም መልስ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው አድርጋት» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ምነው ብለው፣ ለካ ሚስቱ ወሯ ገብቷል። የሰው ሚስት ስታምጥ ሞተሯ ትጩህ፣ የሱ ሚስት ስታምጥ ሞተሯ ትድረስ… ይህ ፍቅር ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሐሙስ ነይና ውሰጃት። ድምፅ የላትም፣ ግን ታደርስሻለች። ሚስቱን በሰላም ይገላግላት፣ ልጁን ያሳድግለት። እሱንም እግዜር… የገዛ እጁን ሥራ ለገዛ ሚስቱ ለሚመኝበት ቀን ያድርሰው።

አሜን በይ እንጂ ሲስተር፤ ትንሽ ጮክ ብለሽ።